ጫፏ እየደረቀ መቀመጫዋ የሚበሰብስ የአየር ተክል፦ ዜሮግራፊካን ድሬዳዋ ላይ ማኖር

ጥያቄው፦ «ሳቢያን ነው የምኖረው። እህቴ ከውጭ ስትመጣ አፈር የማትፈልግ፣ ቅጠሏ ብር የመሰለ ተክል አመጣችልኝ፤ ዜሮግራፊካ ትባላለች። ክብ የመስታወት ዕቃ ውስጥ አድርጌ የሳሎን መስኮት ላይ አስቀምጫታለሁ። ማታ ማታ የቧንቧ ውሃ በመርጫ እረጭላታለሁ። አራት ወር ሆናት። የቅጠሎቿ ጫፍ ደርቆ ቡናማ ሆኗል፣ ላይዋ ላይ ነጭ ነገር ይታያል፣ ሰሞኑን ደግሞ ከታች አንዱን ቅጠል ነካ ሳደርገው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ውሃ አንሷት ነው በዝቶባት? አፈር ላይ ልትከላት? ግቢ ያለው ኒም ላይ ባስራትስ ዛፉን እንደ ተቀጽላ ትጎዳዋለች?»

ድሬ ላይ አንቱታ እንደ ኩርፊያ ስለሚቆጠር «አንቺ» እያልኩ ልመልስልሽ።

ውሃ አንሷታልም፣ በዝቶባታልም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ደርሰውባታል። በመርጫ የምታርከፈክፊው ውሃ አብዛኛው ቅጠሉ ላይ እንዳረፈ ይተናል፤ ስለዚህ ጫፎቹ ተጠምተዋል። የቀረው ጥቂት ጠብታ ደግሞ በቅጠሎቹ ብብት በኩል ወደ መሃል ይወርድና መስታወቱ ውስጥ ነፋስ ስለሌለ እዚያው ተኝቶ ያድራል፤ ስለዚህ መቀመጫዋ በስብሷል። ነጩ ነገር የሁለቱም ተባባሪ ነው፣ እመለስበታለሁ። አፈር ግን በፍጹም። አፈር ላይ ከተከልሻት አሁን ቀስ ብሎ እየሄደ ያለው ብስባሽ በሁለት ሳምንት ይጨርሳታል።

መጀመሪያ እንዴት እንደምትጠጣ ልንገርሽ፤ ይህን ካወቅሽ የቀረውን ራስሽ ትደርሺበታለሽ። የጣትሽን ጫፍ ውሃ ነክረሽ ብርማው ቅጠል ላይ አሳርፊና አንሺው። ጣትሽ ያረፈበት ቦታ ዓይንሽ እያየ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ብር ይሆናል። ብርማው ነገር እንግዲህ የቅጠሉ ቀለም አይደለም። ቅጠሉን ከዳር እስከ ዳር የሸፈኑት ቁጥር ስፍር የሌላቸው ጥቃቅን ቅርፊቶች ናቸው። እያንዳንዱ ቅርፊት ከላይ ባዶና ሙት በሆኑ ሕዋሳት የተሠራ ጋሻ ነው፤ ጋሻው በሕይወት ባሉ ሕዋሳት አጭር ግንድ ላይ ቆሟል። ውሃ ሲነካው ባዶዎቹ ሕዋሳት ይሞላሉ፣ የጋሻው ክንፍ ቅጠሉ ላይ ይለጠፋል፣ ውሃው በግንዱ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ሲደርቅ ክንፉ ቀና ይልና ውሃው በገባበት መንገድ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ የፀሐይን ብርሃንም ወደ መጣበት ይመልሳል። ሥሯ ለመጨበጫ ብቻ ነው። አንዳንዴ ተቆርጦ የመጣ ሥር አይታችሁ ትደነግጣላችሁ፤ ምንም አይጎድልባትም።

ስለዚህ ቅጠሉ ላይ የሚጋገር ማንኛውም ነገር አፍ እንደ መዝጋት ነው። የድሬ ውሃ ጨዋማ ነው የምንለው ደግሞ በምክንያት ነው፤ ጉድጓዶቹ ኖራ ድንጋይ ባለበት መሬት ውስጥ የተቆፈሩ ስለሆኑ ውሃው ካልሲየም ተሸክሞ ይመጣል። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ድንጋይ ያ ነው። ማታ ማታ የረጨሽው ውሃ ሲተን ያንኑ ነጭ ነገር በስሱ ቅጠሏ ላይ እየተወ ሄዷል፤ አራት ወር ሙሉ። አሁን ብትረጪም የምትጠጣበት ቅርፊት በከፊል ተደፍኗል። አቧራና የእጣን ጭስም ያው ነው፤ እጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ ባትቀመጥ ይሻላል። ቅጠል ማብረቂያ ተብሎ የሚሸጥ ቅባት ጨርሶ አይነካት።

ሁለተኛው ነገር አተነፋፈሷ ነው። እንደ ቁልቋልና ሐረር ላይ ቲኒ እንደምትሉት በለስ፣ ዜሮግራፊካም ቀን ሙቀት ላይ የቅጠሏን ቀዳዳ ዘግታ ትውላለች፤ የምትከፍተው ሌሊት ሲቀዘቅዝ ነው። ሌሊት የሳበችውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ አጠራቅማ ጠዋት ብርሃን ሲመጣ ምግብ ትሠራበታለች። ቅጠሏ ውሃ ለብሶ ካደረ ግን አየሩ ሊገባ አይችልም። ማታ ማታ መርጨትሽ ያንን ሌሊት አስርቧታል ማለት ነው። ቀላል ስህተት ይመስላል፣ ግን «አላደገችም» የሚባሉት አብዛኞቹ ይህ ነው ነገራቸው። የምታጠጪው ማለዳ ይሁን፤ ምሽት ሲሆን እስከ ብብቷ ደርቃ ትገኝ።

አሁን ያለችውን እናድናት። ከመስታወቱ አውጪያትና ገልብጠሽ መቀመጫዋን እይ። ከታች ያሉትን ቅጠሎች አንድ በአንድ በሁለት ጣት ይዘሽ ወደ ጎን ቀስ አድርገሽ ሳቢ። ለስላሳና ጥቁር ቡናማ ሆኖ የሚላቀቀውን ሁሉ አውጪ፤ ጠንክሮ የያዘውን ተዪው። ደርቆ እንደ ወረቀት የሆነ የታች ቅጠል ግን ብስባሽ አይደለም፤ ሲያረጅ እንደዚያ ይሆናል። ከዚያ መሃሏ ላይ ያለውን የመጨረሻ ትንሽ ቅጠል ነካ አድርጊው። ከያዘ ተስፋ አለ። ጠቅላላ ከነመሃሉ ተነቅሎ ከመጣና የሚሸት ከሆነ አልቋል፣ ጊዜሽን አታባክኚ። ከያዘ፣ ገልብጠሽ ንፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ወንፊት ላይ 3 ቀን አስቀምጪያት። ምንም ውሃ አይነካት። ጫፎቿ እየደረቁ አይተሽ ልብሽ እንዳይራራ፤ መጀመሪያ ብስባሹ ይቁም፣ ጥማቱ ቀጥሎ ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ «ተጠምታለች» ብሎ ወዲያው የሚዘፈዝፋት ሰው ነው የሚቀብራት።

በ4ኛው ቀን ማለዳ ነጩን እናንሳ። 2 ሊትር የዝናብ ወይም ፈልቶ የጠለለ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ አድርጊና 10 ደቂቃ ብቻ ዘፍዝፊያት፤ ከዚያ ሎሚ በሌለው ውሃ አለቅልቂያት። አትፈትጊያት፤ ቅርፊቶቹ ከተፋቁ አይበቅሉም። ነጩ ሁሉ ላይለቅ ይችላል፤ ይህን በየጊዜው አትድገሚው። የደረቁትን ጫፎች ለመልክ ብለሽ መቁረጥ ከፈለግሽ በስለታም መቀስ አግድመሽ ቁረጪ፣ ወደ አረንጓዴው ግን አትግቢ።

ከዚህ በኋላ ያለው የዘወትር ሥራ ይህ ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውሃውን ሰፋ ባለ ሳፋ ሞልተሽ ተክሏን ፊቷን ወደ ታች አድርገሽ ለ30 ደቂቃ ድፊያት። ሌሎች የአየር ተክሎች አንድና ሁለት ሰዓት ቢዘፈዘፉ ግድ የላቸውም፤ ዜሮግራፊካ ግን ቅጠሏ ሰፊና ድርብርብ ስለሆነ ውሃ ትቋጥራለች፣ ስለዚህ አጠር ይበል። ስታወጪያት መቀመጫዋን ይዘሽ እንደ ታጠበ ሰላጣ ሦስት አራት ጊዜ አራግፊያት። ከብብቷ የሚረጨውን ውሃ ብዛት ስታዪ ለምን እንደበሰበሰች ይገባሻል። ከዚያ ገልብጠሽ ጥላ ያለው ነፋሻ ቦታ አስቀምጪ። ድሬ ላይ እስከ 4 ሰዓት ደርቃ ታገኛታለሽ፤ ካልደረቀች ቬንትሌተር ከሩቅ ልቀቂባት። ደርቃ ሳትጨርስ ፀሐይ ላይ ማውጣት ቅጠሏን ይቀቅለዋል።

በስንት ቀን? ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሙቀቱ ሲበረታ በ4 ወይም በ5 ቀን። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲመጣና አየሩ ሲረጥብ በ7 ወይም በ8 ቀን። ከኅዳር እስከ ጥር እንዲሁ በ7 ቀን። ሐረር የምትኖሩ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ላይ ሦስት አራት ቀን ጨምሩበት፤ ከተማችሁ ከድሬ ወደ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ቶሎ አትደርቅም። በብርዱ ወራት ሐረር ላይ የዘፈዘፈ ሰው ውሃው ለብ ያለ ይሁን፣ ቤት ውስጥም ያድርቃት።

በቀን ቆጠራ ካልተማመንሽ ሚዛን ይዳኝሽ። የወጥ ቤት ሚዛን ካለሽ ከመዘፍዘፍሽ በፊት መዝኚያት፣ ተራግፋ ከደረቀች በኋላ ደግሞ መዝኚያት። ለምሳሌ 150 ግራም የነበረችው 165 ከሆነች የጠጣችው 15 ግራም ነው። ወደ 150 ልትመለስ ስትቃረብ የሚቀጥለው ቀን ደርሷል። ሚዛን ከሌለሽ ቅጠሏን እይ፤ ስትጠማ ወደ ውስጥ እንደ ቦይ ትጠቀለላለች፣ ኩርባዋም ይጠብቃል። ኩርባው በተፈጥሮዋ ስላለ ብቻውን አያስደነግጥሽ፤ ቦይ መሥራቱን ነው የምትመለከቺው።

ወደ ውሃው ልመለስ፤ ድሬ ላይ የዚች ተክል ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። የመጀመሪያው ምርጫ የዝናብ ውሃ ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ ከመቅዳት ግቢ መሃል ንጹሕ የፕላስቲክ ሳፋ ማስቀመጥ ይሻላል፤ የቆርቆሮ ዚንክ ለዚህ ቤተሰብ ተክሎች አይስማማም። ከጣሪያ ከመቅዳት ውጭ አማራጭ ከሌለሽም የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ዝናብ አሳልፊ፣ አቧራውን ይጠብ። ለአንድ ተክል 5 ሊትር ውሃ ይበቃል፤ ያንኑ ውሃ ሁለት ጊዜ መጠቀም ይቻላል። ስለዚህ 20 ሊትር አንድ ጀሪካን ወር ያደርስሻል። ክዳኑን ግን አጥብቂ። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. የደንጊን፣ በ2011 መጨረሻ የቺኩንጉንያን ወረርሽኝ ያየች ከተማ ናት፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ ክፍት በተተወ የቤት ውሃ ውስጥ ነው የምትራባው። አሁን ደግሞ በከተማ በርሜልና ታንከር የምትፈለፈል የወባ ትንኝ ተጨምራለች። ለአበባ ብሎ ጎረቤት ማስታመም አያምርም።

ዝናብ በሌለበት ወር የቧንቧውን ውሃ 10 ደቂቃ አፍይው፣ ሳይነቃነቅ ይደር፣ ጠዋት ከላይ ያለውን ብቻ ቀስ ብለሽ ቅጂ። የሚጋገረው ክፍል አብዛኛው ከታች ይቀራል። የታሸገ ውሃ የምትገዢ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ ያለውን የማዕድን ዝርዝር አንብቢ፤ ጠቅላላ የሟሟ ማዕድን በሊትር ከ100 ሚሊግራም በታች የሆነው ይሆናል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ከቧንቧው ብዙም አልራቅሽም። የመኪና ዕቃ መሸጫ የሚገኘው የባትሪ ውሃ ማዕድን የለበትም፤ ከፈላው ጋር እኩል ቀላቅለሽ መጠቀም ትችያለሽ። ስትገዢ ግን «ዲስትልድ» መሆኑን አረጋግጪ። እዚያው መደርደሪያ ላይ የባትሪ አሲድም ይሸጣል፣ ፕላስቲኩ ይመሳሰላል።

ብዙ ሰው ብልሃት መስሎት የሚሠራው አንድ ስህተት አለ፦ የኤሲ ውሃ። ከኤሲ የሚንጠባጠበው ከአየር የጠለለ ስለሆነ ንጹሕ ይመስላል፣ ኖራም የለውም። ነገር ግን በመዳብ ቱቦ ላይ ተንከባልሎ ነው የሚመጣው፤ መዳብ ደግሞ ለእነዚህ ተክሎች በጥቂቱም መርዝ ነው። በመዳብ ሽቦም አትታሰር፣ መዳብ ያለበት የሻጋታ መድኃኒትም አይረጭባት።

ቦታዋን በተመለከተ፣ የትውልድ አገሯን ማወቅ ይረዳል። ዜሮግራፊካ የምትበቅለው ደቡብ ሜክሲኮ፣ ጓቲማላ፣ ኤልሳልቫዶርና ሆንዱራስ ባለው ደረቅ የእሾህ ደን ውስጥ ነው፤ ከ140 እስከ 600 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በዓመት ከ550 እስከ 800 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ በሚያገኝ አገር፣ የዛፍ የላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ። ድሬ የምታገኘው ዝናብም ወደ 600 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ በዝናብ ብዛት ብቻ ቢሆን ዘመዳሞች በሆኑ ነበር። ልዩነቱ የአየሩ እርጥበት ነው። እዚያ ከ60 እስከ 72 በመቶ ሲሆን የድሬ ከሰዓት በኋላ ግን ከዚያ በጣም ይወርዳል። ስለዚህ «ፀሐይ ትወዳለች» የሚለውን ምክር እንዳለ አትቀበዪው። የምሥራቅ መስኮት ሆኖ እስከ 3 ሰዓት ያለውን የጠዋት ፀሐይ ብታገኝና ቀሪውን ቀን ደማቅ ጥላ ላይ ብትውል ይስማማታል። የምዕራብ መስኮት ከሆነ በመስታወቱ በኩል የሚመጣው የከሰዓት ፀሐይ በአንድ ቀን ነጭ ጠባሳ ይጥልባታል። በረንዳ ላይ ከሆነ ከቆርቆሮው ቢያንስ አንድ ሜትር ዝቅ ትበል፤ የጋለ ቆርቆሮ ሥር ያለው አየር ምድጃ ነው።

መስታወቱን ለዓሣ ስጪው። ዜሮግራፊካ መታሰርም አያስፈልጋት፤ ከባድ ስለሆነች ክፍት በሆነ የሸክላ ዕቃ አፍ ላይ ብትቀመጥ ከሥሯ አየር እየገባ በደንብ ትኖራለች። ሐረር ላይ የግድግዳ ስፌት ውስጥ ያስቀመጧት አሉ፤ ብሩና ቀዩ ስፌት ሲገጥሙ እውነት ለመናገር ያምራል። ችግር የለውም፣ በደንብ ደርቃ ከገባች ብቻ። እርጥብ ገብታ ከሆነ ስፌቱም ተክሏም ይሻግታሉ።

ስለ ኒሙ አትጨነቂ። ተቀጽላ ሥሩን ቅርንጫፉ ውስጥ ሰዶ የዛፉን ውሃ የሚጠጣ ጥገኛ ነው። ይህች ግን እላዩ ላይ ተቀምጣ ከራሷ ቅጠል ትጠጣለች፤ ከዛፉ የምትወስደው የመቀመጫ ቦታ ብቻ ነው። ዘመዷን ማወቅ ከፈለግሽ አናናስ ናት፤ አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ የቅጠሉን አወጣጥ ብታነጻጽሪ ታዪዋለሽ። ኒም ላይ፣ ወይም ከዚራ መንገድ ዳር እንዳሉት ዓይነት የድሬዳዋ ዛፍ ላይ ማኖር ይቻላል። የድሬዳዋ ዛፍ ግን ቅጠሉን የሚያራግፍበት ወቅት ስላለው ያኔ ጥላዋ ይሄዳል፤ ኒም ጥላው ይበልጥ ይታመናል። የምታስሪው የዝናብ ውሃ እንዳትቋጥር ወደ ጎን አዘንብለሽ ነው። ማሰሪያው የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ወይም አሮጌ ስቶኪንግ ተቀዶ ይሁን፤ መቀመጫዋን እንጂ ቅጠሏን አይሸብብ። ሙጫ አያስፈልግም። ከፍታው ደግሞ የግቢሽ ፍየል ከሁለት እግሯ ቆማ ከምትደርስበት በላይ ይሁን፤ ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም።

ማዳበሪያን በአጭሩ፦ ለእርሻ የሚሸጡት ዩሪያና ኤንፒኤስ ለእሷ አይሆኑም፤ ቅጠል ላይ ሲያርፉ ያቃጥላሉ። ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የቅጠል ማዳበሪያ፣ ቁጥሩ 20-20-20 የሆነው፣ ከተጻፈበት መጠን ሩብ ብቻ፤ በሊትር 2 ግራም ካለ ግማሽ ግራም። በወር አንድ ጊዜ ከመዘፍዘፊያው ውሃ ጋር፤ በቀጣዩ ጊዜ ባዶ ውሃ። የታመመችው ተክልሽ አዲስ ቅጠል ከመሃል እስክታወጣ ድረስ ግን ምንም አትስጪያት።

አዲሱ ቅጠል መቼ ይመጣል ካልሽ፣ ከሁለት ወር በፊት አትጠብቂ። ከአየር ተክሎች ዘገምተኞቹ አንዷ ይህች ናት። ከዘር ከተነሳች አበባ እስክታወጣ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ትወስዳለች፤ ስታብብ ከመሃሏ ረጅም ዘንግ ወጥቶ ቀይና ሐምራዊ ይሆናል፣ ለወራትም ይቆያል። የምታብበው በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ከቅጠሎቿ ብብት ልጆች ታወጣና እናቲቱ ቀስ በቀስ ትሞታለች፤ ያኔ «ምን አጠፋሁ» ብለሽ ውሃ እንዳትጨምሪ። ልጆቹን ቶሎ አትለያዪ፤ የእናታቸውን ሲሶ ወይም ግማሽ እስኪያህሉ ከእሷ ይመገባሉ። ዘንጉ ሲደርቅ ከሥሩ ብትቆርጪው ጉልበቷ ወደ ልጆቹ ይሄዳል።

እህትሽ ሌላ ልታመጣልሽ ካሰበች አንድ ነገር ንገሪያት። ዜሮግራፊካ ከዱር በብዛት ስለተለቀመች የዱር ዝርያዎች ንግድ በሚገዛበት ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሳይተስ፣ ሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ገብታለች፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። በእርሻ የተራባችውን፣ የሳይተስ ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ካለው ሻጭ ትግዛ። ወረቀቶቹን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጇ ትያዝ፤ ተክሏ ደግሞ ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ውሃ ሳይነካት፣ በላስቲክ ሳይሆን በጋዜጣ ተጠቅልላ ትምጣ።